የግቢ ፏፏቴ በዋልካ መሬት ላይ፦ የአንድ ድርጅት ሥራ ግምገማ

ሲኤምሲ አካባቢ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ ትንሽ ፏፏቴ ያሠራነው በግቢ ማስዋብ ሥራ ላይ ለተሰማራ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ሰጥተን ነው። ከምስጋናው ጋር ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም። ሥራውን ግን ተመሳሳይ ነገር ለማሠራት የሚያስብ ሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ በዝርዝር እገመግመዋለሁ።

የሰፈራችን አፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቀደም ብለን ያነጋገርናቸው ግንበኞች ገንዳውን በብረትና በሲሚንቶ እንሥራው ሲሉን፣ የድርጅቱ ዲዛይነር ግን መጀመሪያ መሬቱን አስቆፍሮ፣ አፈሩን በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ ካየ በኋላ፣ እንዲህ ባለ መሬት ላይ ሲሚንቶ ውሎ አድሮ መሰንጠቁ ስለማይቀር ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚለጠጥ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ እንዲነጠፍ መከረን። ከምንጣፉ ሥር ደቃቅ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ ደግሞ ድንጋይ እንዳይበሳው የሚከላከል ወፍራም ጨርቅ ገብቷል። አንድ ክረምት አልፎበታል፤ እስካሁን አላንጠባጠበም።

ከዲዛይኑ ሁሉ ያደነቅሁት ለመብራት መጥፋት የተደረገውን ዝግጅት ነው። ፓምፑ ውሃውን ከታችኛው ገንዳ ወደ ላይኛው እየገፋ በሚሠራበት ጊዜ ከውሃው ከፊሉ ላይኛው ገንዳና በድንጋዮቹ መካከል ያለው መውረጃ ላይ ይገኛል። መብራት ሲጠፋ ይህ ሁሉ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ታችኛው ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ገንዳው እስከ አፉ ተሞልቶ ከነበረ ትርፉ ወደ ሣሩ ይፈስሳል፤ መብራት ሲመጣም ፓምፑ በቂ ውሃ ስለማያገኝ አየር እየሳበ ይግላል፣ ሲደጋገም ይቃጠላል። የእኛ ታችኛ ገንዳ ስፋቱ 3 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ ውሃው ከጠርዙ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ እንዲል ተደርጎ ስለተሠራ ለተመላሹ ውሃ የ450 ሊትር ቦታ አለው። ክፍተቱ እንዳይታይም ጠርዙ ላይ ወደ ውስጥ ወጣ ያሉ ድንጋዮች ተደርድረውበታል።

የውሃው መውረጃ ከንፈር፣ ማለትም ውሃው ከላይ ተነሥቶ የሚወርድበት የድንጋይ ጠርዝ፣ ሌላው ጥንቃቄ የታየበት ቦታ ነው። ውሃ የድንጋዩን ሆድ ተከትሎ ወደ ኋላ የመመለስ ጠባይ ስላለው፣ ብዙ ቦታ ፏፏቴ ተብሎ የሚሠራው ነገር ግድግዳ ከማርጠብ አያልፍም። እዚህ ግን ሠራተኛው ከንፈሩን ወደ ፊት አውጥቶ፣ ከሥሩ በመቁረጫ ቀጭን ቦይ አበጅቶለታል፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ተቆርጦ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የፓምፑ ምርጫም በስሌት የተደረገ ነው። ለእያንዳንዱ የከንፈር ሳንቲሜትር በሰዓት 150 ሊትር ያህል ቢታሰብ፣ 40 ሳንቲሜትር ከንፈር 6,000 ሊትር ይፈልጋል። ነገር ግን ፓምፑ ላይ የተጻፈው መጠን ውሃውን ምንም ከፍታ ሳያወጣ የሚሰጠው ስለሆነ፣ ሽቅብ ሲገፋ የሚቀንሰውን አስልተው 10,000 የሚል ተለጥፎበት የመጣ ገዝተዋል።

መልኩን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። ጥቁር ድንጋይና በማሰሮ የተተከለ ደንገል ነው፤ የሚያምረውም ስላልተንዛዛ ነው። (ጢስ ዓባይን ግቢዬ ውስጥ አምጡልኝ የሚል ደንበኛ እንደማይጠፋ ዲዛይነሩ እየሳቀ ነግሮናል።)

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከኤሌክትሪኩ ነው። ገመዱን ቀጥለው በፕላስተር ጠቅልለው ሊቀብሩት ሲሉ ነው የደረስኩት። ኧርዝ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) እንዲገባለት፣ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ሲያመልጥ ወዲያው የሚያጠፋ ብሬከርም እንዲገጠምለት ብጠይቅ፣ ተጨማሪ ክፍያ ካልታሰበ አይሆንም አሉ። ሰው እጁን የሚነክርበት ውሃ ላይ ይህ የሚያከራክር ነገር መሆን አልነበረበትም፤ ክርክሩ ቆይቶ ቢሠሩትም ሒሳቡን ከእኛው ወስደዋል። ፓምፑንም ከከባድ ድንጋይ ሥር ስለደበቁት፣ አልጌ የያዘውን የፓምፑን ማጣሪያ ስፖንጅ አውጥቶ ለማጠብ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ውሃው ደጋግሞ የሚዞር ቢሆንም በትነት ይቀንሳል፤ ከአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ሲተን 1 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ከቧንቧ መሙላት ስለሚያሳቅቅ፣ የጣሪያውን አሸንዳ ከአንድ ሮቶ ጋር አገናኝተን የክረምቱን ዝናብ ለበጋው እናስቀምጣለን። ይህን ሐሳብ ድርጅቱ ሊያመጣው ይገባ ነበር፤ ያመጣው ግን አትክልተኛችን ነው። የመብራት ወጪው ግን አያስፈራም፦ ፓምፑ 100 ዋት ስለሚበላ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ግን የእኛን ዓይነት ክፍት ገንዳ አልመክርም። ይኸው ድርጅት የሚወርደው ውሃ ጠጠር ውስጥ ሰርጎ ከመሬት በታች ባለ ማጠራቀሚያ የሚሰበሰብበትን ዓይነትም ይሠራል፤ ላዩ ላይ የቆመ ውሃ ስለሌለው ልጅ አይሰምጥበትም፣ የወባ ትንኝም ሆነ ሌላ ቢምቢ አይራባበትም፣ ትነቱም አነስተኛ ነው።