ቱገንድሃት ወይስ ፋርንስወርዝ፦ ሁለት የሚስ ቫን ደር ሮሄ መኖሪያ ቤቶች

አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮሄ የነደፋቸው ቱገንድሃትና ፋርንስወርዝ ሁለቱም የብረትና የመስታወት ቤቶች ናቸው። ጣሪያውን የሚሸከሙት የብረት ምሰሶዎች ስለሆኑ በመኖሪያው ክፍል ውስጥ ግድግዳ ቦታ ከመለየት ያለፈ ሥራ የለውም። ልዩነታቸው የሚጎላው ሰው ሲኖርባቸው ነው።

በቼክ ከተማ ብርኖ በ1930 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ቪላ ቱገንድሃት ተዳፋት ላይ የተሠራ ባለ ሦስት ደረጃ ቤት ነው። ከመንገድ የሚገባው በላይኛው፣ በመኝታ ክፍሎቹ ደረጃ ሲሆን ሳሎኑ ከሥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚያደንቀው የኦኒክስ ድንጋይ ግድግዳውንና በክሮም የተለበጡትን ባለ መስቀል ቅርጽ ምሰሶዎች ነው፤ ትልቁ ብልሃት ግን ዓይን የማያየው ነው። ከምድር ቤቱ የተጣራ፣ የሞቀና እርጥበቱ የተመጠነ አየር ወደ ሳሎኑ ይነፋል። ከግዙፎቹ መስታወቶች ሁለቱ ደግሞ በኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ወለሉ ሰምጠው ይሰወራሉ፤ ሳሎኑም በረንዳ ይሆናል።

ፋርንስወርዝ (ኢሊኖይ፣ አሜሪካ፣ 1951 እ.ኤ.አ.) በ8 የብረት ምሰሶዎች ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ከፍ ያለ አንድ ክፍል ነው። መታጠቢያውና ወጥ ቤቱ መሐል ላይ በአንድ የእንጨት ሳጥን ዙሪያ ተሰብስበዋል። ለዕይታ ወደር የለውም፤ ለኑሮ ግን ይከብዳል። መስታወቱ ነጠላ ስለነበር በብርድ ወራት የውስጡ እርጥበት ላዩ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ከበሩ ሌላ የሚከፈቱት በምሥራቅ በኩል ያሉ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ብቻ ስለሆኑ በሙቀት ጊዜ አየር አይዘዋወርም። ከፍታውም በአጠገቡ ላለው ፎክስ ወንዝ አልበቃም፤ በ1954 እና በ1996 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ገብቶበታል።

የፋርንስወርዝን መልክ የሚፈልግ ቢያንስ ድርብ መስታወትና ትይዩ የሚከፈቱ መስኮቶች ይጨምር፤ የወለሉን ከፍታም ከመወሰኑ በፊት የወንዙን የጎርፍ ታሪክ ያጥና።