በበጋ አፈር «ትል የለም» የሚላችሁን ነጋዴ አትመኑ

ጅማና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ በቆሎ የምትዘሩ ወይም ቤተሰባችሁ የሚዘራ፣ ይህችን እስከ መጨረሻ አንብቡልኝ። «የአፈር ትል አጥፊ» ይዘው ገጠር ለገጠር የሚዞሩ ሰዎች አሉ። አባቴ ሁለት ጀሪካን ገዝቷል። 14,000 ብር ከፍሏል። የበቆሎ ሽያጭ ገንዘብ ነው፣ ለዘርና ለማዳበሪያ የተቀመጠ። ፈሳሹ ምን እንደሆነ እስካሁን አናውቅም። ግን የተሸወድነው በፈሳሹ ብቻ ሳይሆን በምርመራው ነው። ምርመራውን በዓይናችን ስላየን ነው ያመንነው።

አምና መስከረም ላይ ሰውየው ሰቃ ጨቆርሳ ያለው ማሳችን ድረስ መጣ። በቆሎው ገና አልታጨደም። እዚህም እዚያም ግን የቀጨጨና ቢጫ የሆነ ቦታ ነበረው። ሁለት አገዳ ነቅሎ ሥሩን አጥቦ አሳየን። ጠቆር ጠቆር ያሉ ቁስሎች አሉበት። ከሥሩና ከእርጥቡ አፈር ቆንጥሮ ወንፊት ላይ ባነጠፈው ሶፍት ላይ አደረገ። ወንፊቱን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ አስቀምጦ ሄደ። በማግስቱ ተመለሰ። ከሳህኑ አንድ ጠብታ ወስዶ በትንሽ ማይክሮስኮፕ አሳየን። እኔም አይቻለሁ። እንደ ክር የቀጠኑ፣ ብርጭቆ የሚመስሉ ነገሮች ይወራጫሉ። ኔማቶድ ይባላሉ፣ ሥር ይበላሉ አለን። እስከዚህ ድረስ የነገረን ሁሉ እውነት ነው። አባቴ በጣም ደነገጠ። ግማሹን ብር ያን ቀን ከፈለ። ግማሹ «ውጤቱን ካዩ በኋላ» ተባለ። ይህን የሚል ሰው ደግሞ ማን ይጠረጥራል?

ታኅሣሥ ላይ፣ በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ፈሳሹን በጀርባ መርጫ ረጩት። ጥር መጨረሻ ላይ ውጤት ሊያሳየን መጣ። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ሰውየው አፈሩን ከላይ ከላዩ ዘገነ። እፍ ሲሉት የሚቦን ዱቄት ነው። ያንኑ ወንፊት፣ ያንኑ ሶፍት፣ ያንኑ ሳህን አወጣ። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። በረካው ሳይቀዳ «ደርሷል» አለና ጠብታውን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገ። ምንም የለም። ንጹህ ውሃ። «አባባ፣ መሬትዎ ነጽቷል፣ ከእንግዲህ ትል የሚባል አያዩም» አለ። አባቴ የቀረውን ብር እዚያው ቆጥሮ ሰጠው፣ መረቀውም።

ሚያዝያ ላይ ተዘራ። ሰኔ ላይ ቢጫው ተመለሰ። በነዚያው ቦታዎች፣ ሰፋ ብሎ። ስልኩ አይነሳም።

ግብርና የተማረች የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ታሪኩን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ፈሳሹ አይደለም። «ሁለተኛውን አፈር ስንት ሰዓት ውሃ ላይ አቆየው?» አለችኝ። አንድ ሰዓት ያህል ስላት ጭንቅላቷን ያዘች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔማቶዶች የሚንቀሳቀሱት በአፈር ቅንጣት ዙሪያ ባለች ስስ ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ሲደርቅ መንቀሳቀስ አይችሉም። ብዙዎቹ ግን አይሞቱም። አፈሩ ቀስ እያለ ሲደርቅ አብረውት ይደርቃሉ። እንደ ገመድ ይጠቀለላሉ፣ በሰውነታቸው ያለውን ውሃ አብዛኛውን ያጣሉ፣ አይበሉም፣ አይራቡም። ዝናብ ሲመጣ ውሃ ጠጥተው ይነቃሉ። የበቆሎን ሥር ከሚያቆስሉት መካከል ፕራታይሌንኩስ የሚባለው ወገን በዚህ የታወቀ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ማሳ ላይ በቀረ ሥር ውስጥ ተሸሽጎ በጋውን ያልፋል። እንቁላሉም ሙቀትና እርጥበት ሲመቸው ይፈለፈላል። ሰውየው ባይረጭም ጥር ላይ ከላይኛው አፈር ያው ባዶ ሳህን ሊያሳየን ይችል ነበር። ማሳውን ያደረቀው በጋው ነው፣ ብሩን የወሰደው እሱ።

የሶፍቱ ዘዴ ራሱ የውሸት አይደለም። ቤተ ሙከራም ይጠቀምበታል። ግን የሚይዘው በራሱ ጉልበት ሶፍቱን አልፎ ወደ ውሃው የሚወርደውን ትል ብቻ ነው። የተኛው እላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን የሚቆየው። መስከረም ላይ ሌሊቱን ሙሉ አቆየው። ጥር ላይ ቡና እስኪጠጣ። መስከረም ላይ ሥርና እርጥብ አፈር ወሰደ። ጥር ላይ ፀሐይ የመታውን አቧራ። ስለ ትሎቹ እንቅልፍ የማያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። አውቆ ነው ያደረገው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሰጠን ወረቀት ላይ ሎሚ የሚመስል ቡናማ ፍሬ ተስሏል። «እንቁላሉን በአንድ ርጭት ይሰብራል» ይላል። ሥዕሉ የስንዴና የገብስ ኔማቶድ ነው፣ ሄቴሮዴራ የሚባለው። የኛ በቆሎ ላይ የታየው ቀጭን ትል ሌላ ነው። ሄቴሮዴራ ደግሞ ይብሳል። ሴቷ ስትሞት ቆዳዋ ጠንክሮ ከረጢት ይሆናል። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች አሉ። እነዚህ እንቁላሎች ውሃ ስላገኙ ብቻ አይነቁም። ወቅታቸውን ይጠብቃሉ። በፈረንሳይ የተጠናው ሄቴሮዴራ አቬኔ የሚባለው ዝርያ በደቡብ፣ በጋው ደረቅ በሆነበት፣ ሙቀቱን ተኝቶ ያሳልፍና ከመኸር ጀምሮ በፈረንጆቹ ክረምት ቅዝቃዜ ይፈለፈላል። በሰሜኑ ደግሞ ቅዝቃዜው ካለፈ በኋላ በጸደይ ነው የሚፈለፈለው። አንድ ዝርያ፣ አንድ አገር፣ ሁለት የተለያየ ሰዓት። ከዚያም ሁሉም በአንድ ዓመት አይወጣም። የተወሰነው ለሚቀጥሉት ዓመታት ተኝቶ ይቀራል። እንግዲህ «በአንድ ርጭት» የሚለውን ራሳችሁ መዝኑት።

ደረቀ ማለት ሞተ ማለት እንዳልሆነ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1743 ጆን ተርበርቪል ኒድሃም የተባለ እንግሊዛዊ በበሽታ የጠቆረ ደረቅ የስንዴ ፍሬ ከፍቶ ውሃ ቢያደርግበት ውስጡ ያለው ክር የመሰለ ነገር መወራጨት ጀመረ። እነዚያ የስንዴ ትሎች በደረቅ ፍሬ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ እንደሚቆዩ በኋላ ተረጋግጧል። ሁለት ወር የበጋ ፀሐይ ለነሱ ምንም አይደለም።

ስለዚህ ሰው መጥቶ አፈራችሁን ልመርምር ቢላችሁ፣ ከርጭቱ በፊትና በኋላ ያለው ናሙና በአንድ ዓይነት ወቅት፣ ከአንድ ዓይነት ጥልቀት፣ ከሥር ጋር ይወሰድ በሉ። ውሃ ላይ እኩል ሰዓት ይቆይ። ከማሳው ጥግ ያልተረጨ ቦታ አስቀሩና ከዚያም ይወሰድ። ያልተረጨውም ባዶ ከሆነ፣ የተረጨው ባዶ መሆኑ ፈሳሹ ሠርቷል አያሰኝም። እኛ ይቺን አንዲት ነገር ብናደርግ ኖሮ ግማሹ ብር ይተርፈን ነበር። እምቢ ካለ በሰላም ሸኙት።

ዕቃውንም እዩት። በአገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ አለ፣ ቁጥር 674/2002። ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ ክልክል ነው። የኛ ጀሪካን ላይ በእጅ «የአፈር» ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላ ምንም የለም። ደረሰኝም አልተሰጠንም። እኛም አልጠየቅንም። ከመግዛታችሁ በፊት የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ጅማ ውስጥ እኮ መልኮ ላይ የምርምር ማዕከል አለ፣ የግብርና ኮሌጁም እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው። ጠያቂ ያጣ አገር አይደለም።

ዘንድሮ የበቆሎውን ጉቶ ከነሥሩ ነቅለን እያወጣን ነው። በባሰበት ቦታ ላይ ምን እንደምንዘራ ባለሙያ አማክረን እንወስናለን። ማሽላ ግን አይሆንም ተብለናል፣ ማሽላም ለዚያው ትል ምግብ ነው።

ከዚሁ ሰው የገዛችሁ ካላችሁ መቼ እንደመጣና ምን እንዳላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን ለወረዳው እናመልክታለን። ባዶውን ጀሪካን አትጣሉት፣ ማስረጃ ነው። ውሃም እንዳትቀዱበት። እናቴ አጥባ ልትቀዳበት ስትል ነው ከእጇ የነጠቅኳት። አሁን በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቆጥ ላይ ነው ያለው።