ከዘንጉ ጋር የሚሰጠው ትንሽ ከረጢት፦ ድርብ መጋረጃ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ዘንጉ የወረደው የጥምቀት እንግዳ ቤቱን በሞላበት ሳምንት ነው። ጨርቁ ደህና ነው፣ ቀለበቶቹ ደህና ናቸው፣ ብረቱም አልተጣመመም። የግራው መያዣ ግን ሁለቱን ፊሸሮች (ብሎን እንዲይዙ ግድግዳ ውስጥ የሚገቡትን ፕላስቲኮች) ከነብሎናቸው መዞ፣ መዳፍ የሚያህል ልስን ይዞ ወለል ላይ አረፈ። በቀረው ቀዳዳ በስልክ መብራት ሲታይ የብሎኬቱ ባዶ ሆድ ወለል ብሎ ይታያል። ስለዚህ መጋረጃ የምጽፈው አብዛኛው ነገር ስለዚያ ቀዳዳ ነው። ጥፋቱ ከጨርቁም ከዘንጉም አልመጣም፤ የመጣው በላስቲክ ከረጢት ታሽገው «በነፃ» ከሚሰጡት አራት ፊሸሮችና አራት ብሎኖች ነው።

ዕቃው ይህ ነው፦ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር በኩል ያለ የብሎኬት ቤት ሳሎን፣ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.20 ሜትር። ዘንጉ ድርብ ሲሆን ርዝመቱ 2.60 ሜትር ነው፤ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 30 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ከመስታወቱ በኩል ነጭ ሻሽ፣ ከክፍሉ በኩል ወፍራም ወይን ጠጅ ጨርቅ፣ ሁለቱም ባለ ቀለበት። የጨርቁ ወርድ የዘንጉ እጥፍ፣ 5.20 ሜትር፣ ለሁለት ተከፍሎ። ጳጉሜ ላይ ተሰፍቶ ለእንቁጣጣሽ ተሰቀለ። ስፌቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሰፊው በእያንዳንዱ ክፋይ 16 ቀለበት መትቷል፤ ቁጥሩ ተጋማሽ በመሆኑ ሁለቱም ጠርዞች ወደ ግድግዳው ዞረው ያርፋሉ። 15 ወይም 17 ቢሆን ኖሮ አንዱ ጠርዝ ወደ ክፍሉ ተገልብጦ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ መያዣው። ሻጮች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ብረት ሰው ይሸከማል!» ብረቱ ይሸከም ይሆናል። ጥያቄው ብረቱን ማን ይሸከመዋል ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ወፍራሙ ጨርቅ በሚዛን 3 ኪሎ ተኩል፣ ሻሹ 1 ኪሎ፣ ሁለቱ ዘንጎች አንድ ላይ 2 ኪሎ ገደማ። በድምሩ 6 ኪሎ ተኩል፤ ለሁለት መያዣ ሲካፈል ለአንዱ 3 ኪሎ ከሩብ ይደርሳል። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «ታዲያ ምን አላት!» ይላል። ነገር ግን ክብደቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አይደለም የሚቀመጠው። የድርብ ዘንግ መያዣ ክንዱ ረጅም ነው፤ የፊተኛው ዘንግ፣ ያውም ወፍራሙን ጨርቅ የተሸከመው፣ ከግድግዳው 14 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይንጠለጠላል፤ የሻሹ ዘንግ 8 ሳንቲ ሜትር። ግድግዳው ላይ ያረፈችው የመያዣው ሰሌዳ ግን ከላይኛው ብሎን እስከ ታችኛው ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት። ስለዚህ መያዣው እንደ ሚስማር መንቀያ ይሠራል፦ የታችኛው ጠርዝ ግድግዳውን ተደግፎ የላይኛውን ብሎን ወደ ውጪ ይነቅላል። መጋረጃውን ማንም ሳይነካው ላይኛው ብሎን ላይ 8 ኪሎ ያህል የመንቀል ኃይል ያርፋል። አንድ ሰው መጋረጃውን ሲዘጋ ወደ ታች በ5 ኪሎ ቢስበው ሌላ 14 ኪሎ ይጨመራል። ልጅ ከተንጠለጠለበትማ መቁጠሩ ይቅር። በአዘቦት ቀን መጋረጃው ጠዋትና ማታ ይነካል፤ በጥምቀት ሳምንት ስንቴ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የጎንደር ሰው ያውቀዋል።

ያ ኃይል የሚያርፈው ምን ላይ ነው? የወጣውን ፊሸር ሜትር ላይ አስቀምጡት፦ 30 ሚሊ ርዝመት፣ 6 ሚሊ ውፍረት። ከውጪ በኩል ያለው 20 ሚሊው ነጣ ያለ የልስን ዱቄት ለብሷል፤ የብሎኬት ጠጠር የነካው የጫፉ 10 ሚሊ ብቻ ነው። የእኛ ቤቶች ልስን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ግንበኛው ግድግዳ ለማቃናት ሲል ከዚያም በላይ የሚሆንበት ቦታ አለ። ስለዚህ ያ ፊሸር ሁለት ሦስተኛው ልስን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ልስን ደግሞ ቀለም ለመሸከም እንጂ ዘንግ ለመሸከም አልተሠራም። ከልስኑ ጀርባ ያለው የብሎኬቱ ግድግዳ ራሱ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከዚያ ባዶ። ይባስ ብሎ የሰቀለው ባለሙያ የበሳው የድሪሉን መዶሻ፣ ማለትም እየዞረ የሚመታበትን ስልት፣ አብርቶ ነው። በባዶ ብሎኬት ላይ መዶሻ ሲበራ ፑንታው (የድሪሉ መብሻ ብረት) ቀዳዳውን ጨርሶ ሲወጣ የውስጠኛውን ገጽ እንደ ጥሩምባ አፍ አስፍቶ ያረግፈዋል፤ ከውጪ 6 ሚሊ የምትመስለው ቀዳዳ ከውስጥ የአውራ ጣት ስፋት ይኖራታል። ፊሸሩ ተከፍቶ የሚይዘው ነገር የለም።

ሁለተኛው ስህተት ከፍታው ነው፤ ይህኛው ምክር ሆኖ ነው የሚመጣው። «ዘንጉን ወደ ኮርኒሱ አስጠጉት፣ ቤቱ ረጅም ይመስላል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይመስላል። ግን ከመስኮት አናት በላይ ያለው የአርማታ ማሰሪያ ብዙ ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ነው ያለው። ዘንጉን ከመስኮቱ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደረገ ሰው በቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ጠንካራ ቦታ ዘልሎ ባዶ ብሎኬት ላይ ሰቀለ ማለት ነው። እዚህም የሆነው ያ ነው።

ሦስተኛው ስህተት መሀል ላይ ሦስተኛ መያዣ አለማድረግ ነው። «መሀል ላይ ካደረግን ቀለበቱ አያልፍም» የሚለውን ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ መልሱ አጭር ነው፦ ሁለት ክፋይ ያለው መጋረጃ መሀሉን ማለፍ አያስፈልገውም። የግራው በግራ፣ የቀኙ በቀኝ ይሄዳል። «ዘንጉ 28 ሚሊ ነው፣ አይጎብጥም» የሚለውም የሚናገረው ስለ ውጪው ስፋት ነው። የቆርቆሮውን ውፍረት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ 1 ሚሊ አይሞሉም። ተስቦ የሚረዝመው ዓይነት ደግሞ ሁለቱ ቱቦዎች የሚገናኙት መሀል አካባቢ ስለሆነ፣ ደካማው ቦታ በትክክል ድጋፍ የሌለበት ቦታ ላይ ይውላል። ከ2 ሜትር በላይ ለሆነ ዘንግ ሦስተኛ መያዣ ግዴታ ነው። ከጥቅሉ ውስጥ ከሌለ ለብቻው ግዙ፤ ካልተገኘ ያንን ዘንግ ተዉት።

ከጥር መጨረሻ ጀምሮ የተሰቀለበት መንገድ ይህ ነው፣ እስካሁንም ንቅንቅ አላለም። 2.60 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ ጣውላ ይዘጋጃል። እርጥብ ጣውላ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ብሎኖቹንም ያላላል። ጣውላው የግድግዳውን ቀለም ይቀባል። ከመስኮቱ አናት 10 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ማለትም በአርማታው መካከል፣ በውሃ ልክ መስመር ይሰመራል። በ8 ሚሊ የኮንክሪት ፑንታ፣ አሁን መዶሻው በርቶ፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ አምስት ቀዳዳ ይበሳል። የዳርቻዎቹ ቀዳዳዎች ከመስኮቱ ጠርዝ ውጪ ከ15 ሳንቲ ሜትር ማለፍ የለባቸውም፤ ማሰሪያው ከመስኮቱ ጎን አልፎ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ እንደገና ብሎኬት ነው። የጣውላው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፦ ጣውላው አርማታውን ይዞ ጫፉ ወደ ውጪ ስለሚተርፍ፣ የዘንጉ መያዣ አርማታ የሌለበት ቦታ ላይ ቢውል እንኳ የሚይዘው እንጨት ነው። መያዣዎቹን በአርማታው ልክ ወደ ውስጥ ማስጠጋትም ይቻል ነበር፤ ግን ያኔ የተሰበሰበው ጨርቅ ከመስታወቱ ላይ ብርሃን ይቀማል።

ስትበሱ ጆሯችሁንና እጃችሁን አዳምጡ። ልስኑ ወዲያው ያልፋል። ከዚያ ፑንታው በዝግታ፣ ደቃቅ ግራጫ ዱቄት እያወጣ ከሄደ አርማታ ላይ ናችሁ። ድንገት ጭልጥ ብሎ ከገባ ባዶ ብሎኬት ነው፤ ቁሙ። ድምፁ ቀጥኖ ዱቄቱ ከቆመ ደግሞ ፌሮ ነክታችኋል፤ አትታገሉት፣ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ሂዱ። ዱቄቱ ተነፍቶ ይወጣል። ፊሸሩ ከግድግዳው ፊት ጋር እኩል ሆኖ መቅረት የለበትም፤ በብሎኑ ጫፍ እየተመታ ልስኑን አልፎ አርማታው ውስጥ መግባት አለበት። ለዚህ 90 ሚሊ ብሎን ያስፈልጋል፦ 25 ሚሊው ለጣውላው፣ 20 ሚሊው ለልስኑ፣ 45 ሚሊው ለአርማታው። ጣውላው ከታሰረ በኋላ ሦስቱ መያዣዎች በእንጨት ብሎን ጣውላው ላይ ይታሰራሉ። ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው።

የግድ ብሎኬት ላይ መስቀል ካለባችሁ መዶሻውን አጥፉ፣ ባዶው ውስጥ ገብቶ እንደ ጃንጥላ የሚከፈተውን ብሎን ፈልጉ። የጭቃ ቤት ከሆነ ፊሸርን እርሱት፤ ጭቃና ጭድ ፊሸር አይዝም። በቀጭን ሚስማር ግድግዳውን እየወጉ ቋሚውን እንጨት ማግኘት፣ ከዚያ 7 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ብሎን በቀጥታ ማስገባት ነው። በፒያሳ ዙሪያ ባሉት የቆዩ የድንጋይ ቤቶች ደግሞ በድንጋዮቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ለመብሳት ቀላል ስለሆነ ያታልላል፤ የኖራ መጋጠሚያ ከሆነ ግን ይፈረፈራል። ቢዘገይም፣ ፑንታ ቢበላም፣ ድንጋዩ ራሱ ይበሳ።

ዘንጉ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል መጋረጃው ወለል ላይ ተንጎተተ፤ ሰፊው የታችኛውን ጠርዝ 20 ሳንቲ ሜትር አጠፈው። ያልጠበቅሁት ደስታ የመጣው ከዚህ ነው፦ እጥፉ ጠርዙን ስላከበደው ጨርቁ አሁን ከበፊቱ ይልቅ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቢሆንም ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ዘንጉን መስቀል፣ ከዚያ ከዘንጉ እስከ ወለሉ በሦስት ቦታ መለካት (ወለል ሁልጊዜ እኩል አይደለም)፣ ከትንሹ ልክ 2 ሳንቲ ሜትር ቀንሶ ማሰፋት ነው።

ስለ ጨርቁ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ እሱም ገበር ሳይኖረው መሸጡ ነው። «ወፍራም ስለሆነ ገበር አይፈልግም» ተባለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ቀለም የሚበላው የፀሐይ ጨረር በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። በበጋ ደመና የለም፤ የምዕራብ መስኮት ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይቀበላል። በአራት ወር ውስጥ በመስታወቱ በኩል የእጥፋቶቹ ጫፍ ከወይን ጠጅ ወደ ደበዘዘ ጡብ ቀለም ተለወጠ፤ መጋረጃው ሲዘረጋ ቁልቁል የወረዱ ነጣ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። ሻሹ ይህን አያስቆምም። ጥር ላይ ዘንጉ በወረደበት አጋጣሚ ነጭ የአቡጀዲ ገበር ገባለት፤ ከዚያ ወዲህ መደብዘዙ አልጨመረም። አቡጀዲው ሳይቆረጥ በፊት በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት፤ በ2.40 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊገባ ይችላል። ሳይታጠብ ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ገበሩ ተሰብስቦ ፊተኛውን ጨርቅ ያጨማድደዋል። ከላይና ከጎን ብቻ ይያያዝ፤ ከታች ለቆ፣ ከፊቱ 3 ሳንቲ ሜትር አጥሮ ይንጠልጠል። ገበሩ 1 ኪሎ ተኩል ጨምሯል፣ ጣውላውም ይሸከመዋል።

ጨርቁን መግዛቴ አይቆጨኝም፤ ዛሬም ብገዛ ያንኑ ወይን ጠጅ፣ ያንኑ ሰፊ ነው የምመርጠው። ዘንጉን ግን ያለ ሦስተኛ መያዣ አልገዛም፣ ያቺን ከረጢትም ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ትቻት ነው የምወጣው። ለዕቃው ይህን ያህል ገንዘብ ተቀብሎ በጥቂት ብር ጭማሪ 8 ሚሊ ፊሸርና ረጅም ብሎን የማያስገባ ሻጭ «ሥራው የሰቃዩ ነው» ሲለኝ አልቀበለውም። ከረጢቷን ያስገባት እሱ ነው።

በከረጢቱ ፊሸር የተሰቀለ ዘንግ ቤታችሁ ካለ ዛሬ ወንበር ላይ ወጥታችሁ የመያዣውን ሰሌዳ የላይኛውን ጠርዝ እዩ። ፊሸር በአንድ ጊዜ አይነቀልም፤ መጀመሪያ በሰሌዳውና በግድግዳው መካከል፣ ከላይ በኩል ብቻ፣ የፀጉር ያህል ክፍተት ይታያል፣ ከሥሩም ትንሽ የልስን ዱቄት ይረግፋል። የስልክ ካርድ ጠርዝ እዚያ ክፍተት ውስጥ ከገባ ጨርቁን ዛሬውኑ አውርዱት።