ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የገዛሁት የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ

መሣሪያውን ወድጄዋለሁ። እኛ ሳቢያን ሰፈር ቡና የምናፈላው በከሰል ነው። ኤሲ ሲከፈት ደግሞ በርና መስኮቱ ይዘጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ አይሸት፣ አይታይ፤ ጭሱ አልቆ ፍም የሆነ ከሰልም ያወጣዋል። የእኔው ለጭስ ሦስት ሦስቴ፣ ለጋዙ አራት አራቴ ይጮኻል። ድምፁ እንቅልፍ የሚከብዳትን እናቴን እንኳ ይቀሰቅሳል።

ችግሩ ዕጣን ነው። እማዬ ስታጨስ ይጮኽ ነበር። ስለዚህ ከረከቦቱ አርቄ መኝታ ቤቶቹ አጠገብ ሰቀልኩት። የድሬ አቧራም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ እጠርገዋለሁ። በየወሩ የመሞከሪያ ቁልፉን እጫናለሁ። አልፎ አልፎ አንድ ጊዜ "ጢጥ" ካለ ባትሪው እያለቀ ነው። ጀርባው ላይ መሣሪያው ራሱ የሚቀየርበት ዓመት ተጽፏል፤ እሱን ሳታዩ እንዳትገዙ።

አራቴ ከጮኸ ግን መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ ከሰሉ ይቆይ።