45 ሺህ ብር የከፈልኩበት «የዶላር ሥራ»፦ ረስት ለመማር ልትመዘገቡ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ፣ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። በየብሎኩ መግቢያ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አይታችሁታል። «ረስትን በሦስት ወር ተማሩ፣ ከቤታችሁ ሆናችሁ በዶላር ይከፈላችሁ» ይላል። ረስት የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። እኔ ከፍዬ ተምሬያለሁ። 45 ሺህ ብር። ብሩ የእናቴ እቁብ ነበር።

ለምን እንደገባሁበት ልንገራችሁ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታዲየም አካባቢ ሱቅ ውስጥ ካሸር ሆኜ ሠራሁ። ከዚህ ተነስቶ በቃሊቲ፣ በሳሪስ አድርጎ መሃል ከተማ መግባት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ነው የምገባው። ደመወዜን ታክሲ ይበላዋል። ስለዚህ «ከቤት ሆኖ መሥራት» የሚለው ከዶላሩም በላይ ነበር የሳበኝ። ዳር ከተማ የሚኖር ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ እንደሚሸነፍ እነሱም አሳምረው ያውቃሉ። ማስታወቂያውን ቦሌ ሳይሆን እዚህ የለጠፉት በከንቱ አይደለም።

ቢሯቸው ስሄድ የተቀበለኝ ልጅ በጣም ትሁት ነው። «እህቴ፣ እህቴ» እያለ ማኪያቶ አስመጣልኝና ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። አንድ ሠንጠረዥ ነው። ረስት አናቱ ላይ ተቀምጧል። «በዓለም በጣም የተወደደው ቋንቋ ይሄ ነው። ሰው ግን የለም። ካምፓኒዎቹ ባለሙያ አጥተው ተቸግረዋል» አለኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፣ የተሸወድኩት እዚችው ጋ ነው። ሠንጠረዡ ውሸት አይደለም። ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባለው የፕሮግራመሮች ድረ ገጽ በየዓመቱ መጠይቅ ይበትናል። ረስትም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ለዓመታት በተወዳጅነት አንደኛ ሆኗል። ጥያቄው ግን «በዚህ ቋንቋ የሠራችሁ፣ ወደፊትም ልትሠሩበት ትፈልጋላችሁ?» ነው። ስንት ሰው ይቀጠርበታል የሚል ነገር የለበትም። በ2024ቱ መጠይቅ ረስትን ተጠቅመናል ያሉት ከመቶ 13 አይሞሉም። ጃቫስክሪፕት የሚባለው ሌላ ቋንቋ ከመቶ 62 ነው። ያንን ሠንጠረዥ ልጁ አላሳየኝም።

እንዲያውም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቋንቋው ተወደደ ማለት ወረፋው ረዘመ ማለት ነው። በሌላ ቋንቋ አሥር ዓመት የሠራ ሰው ሁሉ «ምነው በረስት የሚያሠራኝ ባገኘሁ» እያለ ይጠብቃል። አንድ ቦታ ሲከፈት ከእነሱ ጋር ነው የምንሰለፈው። የሥራው ዓይነትም ለጀማሪ የሚሰጥ አይደለም። ረስትን ግሬደን ሆር የሚባል የሞዚላ (ፋየርፎክስ ብሮውዘርን የሚሠራው ድርጅት) ሠራተኛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 በግሉ ጀመረው፤ የመጀመሪያው ይፋዊ እትም የወጣው እዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በሜይ 2015 ነው። ዓላማው ሲ ፕላስ ፕላስ እንደሚባለው ቋንቋ ፈጣን ሆኖ በሚሞሪ (በኮምፒውተሩ ማስታወሻ) አያያዝ ስህተት የማይበላሽ ፕሮግራም ለመጻፍ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ብሮውዘር፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ትልልቅ ሰርቨር ላይ ነው። ሊኑክስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ራሱ በ2022 መጨረሻ፣ በ6.1 እትሙ ተቀብሎታል። ቋንቋውን አልነቅፈውም፣ ግሩም ቋንቋ ነው። ግን ሦስት ወር የተማረችን ልጅ ቱሉ ዲምቱ ተቀምጣ ይህን ነገር ጠግኚ የሚላት የለም።

ትምህርቱ ተጀመረ። 24 ነበርን። አስተማሪው ደህና ልጅ ነው፣ እሱ ላይ አልፈርድም። ግን ከእኛ የሚቀድመው በሁለት ምዕራፍ ብቻ ነበር። በ1,500 ብር ለብቻ የሸጡልን ጥራዝ የቋንቋው ይፋዊ መጽሐፍ ኮፒ ነው። መጽሐፉ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ይህን ያወቅኩት ግማሹን ካነበብኩ በኋላ ነው።

የእኔ ላፕቶፕ 4 ጊጋ ራም ነው ያለው። ለጃቫስክሪፕት ይበቃኝ ነበር። ረስት ግን ኮዱን ሲያጠናቅር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ሲቀይር፣ ማሽኑን ያደቀዋል። ካርጎ ቢዩልድ የሚለውን የማጠናቀሪያ ትእዛዝ ጽፌ ኢንተር ስጫን ማራገቢያው መጮህ ይጀምራል፣ ማውሱ ቀጥ ይላል፣ የቁልፍ ሰሌዳው እጅ ያቃጥላል። እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። አንድ ማታ የቤት ሥራዬን አስጀምሬው ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። ባትሪዬ ከሞተ ቆይቷል። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሲመዘገቡን «ላፕቶፕሽ ስንት ራም ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ኦውነርሺፕ (ባለቤትነት) የሚባለው ክፍል መጣ። የቋንቋው ልብ እሱ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ አንድ ዳታ አንድ ባለቤት ብቻ አለው፤ ለሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ካስተላለፋችሁት እናንተ ጋ የለም። ሲነገር ቀላል ነው። ኮድ ላይ ግን ለብዙ ወራት ያንገዳግዳል። ከ24ታችን 11 ቀረን።

ኮርሱ አለቀ። ሰርተፊኬት ይዘን «እናስቀጥራችኋለን ያላችሁትስ?» አልን። ውላችንን እንድናነብ ነገሩን። ተራ ቁጥር 7 «ተቋሙ ሠልጣኞች ሥራ እንዲያገኙ የማፈላለግ ድጋፍ ያደርጋል» ይላል። በአፍ የተነገረን ማስቀጠር ነው፣ የተጻፈው ማፈላለግ። ተራ ቁጥር 9 ደግሞ የተከፈለ ብር በማንኛውም ምክንያት አይመለስም ይላል። ድጋፉም በቴሌግራም የተላከልን የአምስት ድረ ገጽ ሊንክ ነው። ማንም ሰው ከፍቶ የሚያያቸው የሥራ ድረ ገጾች።

አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ማስታወቂያዎቹን እየለቀምኩ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። የረስት ሪሞት (ከቤት ሆኖ የሚሠራ) ሥራ የሚል 43 አገኘሁ። 31ዱ የሦስት፣ የአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ ይጠይቃሉ። ከቀሩት ውስጥ አራቱ አናታቸው ላይ «ሪሞት» ይሉና ታች ስትወርዱ «አሜሪካ የመሥራት ፈቃድ ላለው ብቻ» ወይም «አውሮፓ ነዋሪ ለሆነ» ይላሉ። ስድስቱ የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ናቸው፣ ምክንያቱም ሶላና በሚባለው የክሪፕቶ መረብ ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች በብዛት የሚጻፉት በረስት ነው። ከእነሱም ደመወዝ በራሳቸው ቶክን፣ ራሳቸው ባወጡት ዲጂታል ገንዘብ፣ እንከፍላለን የሚሉ አሉ። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ2014 በክሪፕቶ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል። ስንት ቀረ? ሁለት። ለሁለቱም አመለከትኩ። አንደኛው አልፈለገኝም፣ ሁለተኛው መልስ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ምዝገባ ላይ «ተማሪያችን ያገኘው ክፍያ ነው» ብለው ያሳዩኝ ስክሪንሾት ስትራይፕ የሚባለው የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት ነበር። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተነስቼ እወጣ ነበር።

እማዬ ሥራው ምን ደረሰ ብላ እስካሁን አልጠየቀችኝም። ጠዋት ሻይ ስታቀርብልኝ ግን ፊቴን ታያለች።

ልትከፍሉ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ የእኔን ደብተር ራሳችሁ ሥሩት። አንድ ማታ ይበቃል። የቋንቋውን ስም ጻፉ፣ ማስታወቂያዎቹን ቁጠሩ፣ ጀማሪ የሚለውንና የምትኖሩበትን አገር የሚቀበለውን ለዩ። ከዚያ ቢሯቸው ሂዱና ተምሮ የተቀጠረ የአንድ ሰው ስልክ ጠይቁ። ስክሪንሾት ሳይሆን ሰው። «እናስቀጥራለን» ካሉ እስከ መቼ፣ ካልሆነ ስንት ይመለሳል የሚለውን ውሉ ላይ ያስፍሩት። ሕጋዊ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር አታውጡ። እኔ የከፈልኩት በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ነው፣ የተሰጠኝም በእጅ የተጻፈ ማህተም ያለበት ወረቀት ነው። ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት ልል ስሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ ደረሰኝ ነው።

ረስትን ከምር የወደዳችሁት ካላችሁ ተማሩት። መጽሐፉ ነጻ ነው፣ ረስትሊንግስ የሚባሉት መለማመጃዎችም ነጻ ናቸው። ሥራው ለሚቸኩልበት ሰው ግን ብዙ ማስታወቂያ ባለው ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት ወይም በፓይተን መጀመር ይሻላል። እሱም ቀላል አይደለም፣ ግን እዚሁ አገር ውስጥም የሚቀጥር ይገኛል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም አለ፤ አይከፈልበትም። ሰርተፊኬቱ ለብቻው ሥራ ያስገኛል አልልም፣ ግን የማንም እናት እቁብ አይበላም።

ባለፈው ሰኞ እዚያው ብሎክ ግድግዳ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ስልኩ ያው ነው። ቋንቋው ተቀይሮ ዚግ ሆኗል። ዚግ ደግሞ ገና 1.0 እትሙን እንኳ ያላወጣ ቋንቋ ነው። ምዝገባው አርብ ያበቃል ይላል።

አብራችሁኝ ለተማራችሁ፦ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፣ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ያችን ማህተም ያለባትን ወረቀት አትጣሏት። ውሉን፣ ገንዘብ ያስገባችሁበትን የባንክ ማረጋገጫና የማስታወቂያውን ፎቶ ይዛችሁ ሐሙስ ጠዋት 2፡30 ላይ ክፍለ ከተማው በር ላይ እንገናኝ። እስካሁን ሰባት ነን።