ራሴ የገጣጠምኩት የጌም ኮምፒውተር ከወራት አገልግሎት በኋላ

ለጌም ብዬ በራሴ እጅ የገጣጠምኩትን የመጀመሪያ ኮምፒውተር ከግማሽ ዓመት በላይ ተጠቅሜበታለሁ። ሥራም እሠራበታለሁ፣ ፊልምም አይበታለሁ። ዋናው ግን ማታ ማታ የምጫወተው አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ዕቃ በተገዛ ሰሞን የሚባለውና ከወራት በኋላ የሚባለው ስለማይገናኝ፣ ይህን ለመጻፍ ሆን ብዬ ቆየሁ።

ዕቃዎቹ እነዚህ ናቸው። ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ነው። ግራፊክስ ካርዱ ራዲዮን አርኤክስ 6600። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ቢ550 ቺፕሴት ያለው። ራሙ ዲዲአር4፣ ሁለት ባለ 8፣ በድምሩ 16 ጊጋባይት። ማከማቻው ባለ 1 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ። ፓወር ሰፕላዩ 550 ዋት። ኬዙ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አየር የሚያስገባ። ሞኒተሩ 1080ፒ፣ 144 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ።

ከሁሉም አስቀድሜ የወሰንኩት ሞኒተሩን ነው። ብዙ ሰው ከግራፊክስ ካርድ ይጀምራል። እኔ ግን አሁንም መነሻው ስክሪን መሆን አለበት ባይ ነኝ። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። 1080ፒ ማለት 1920 በ1080 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 2.07 ሚሊዮን አካባቢ ይሆናል። 1440ፒ ወደ 3.69 ሚሊዮን ይደርሳል። 4ኬ ደግሞ 8.29 ሚሊዮን፣ ማለትም የ1080ፒ አራት እጥፍ ነው። ካርዱ ይህን ሁሉ ነጥብ ለእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል፣ እንደ አዲስ ይስላል። ስለዚህ የትኛው ካርድ ይሻላል ብሎ መጠየቅ ስክሪኑ ሳይታወቅ ትርጉም የለውም። ስክሪኔ 1080ፒ ነው ብላችሁ ከቆረጣችሁ የካርዱ ምርጫ ይጠባል። እሱ ሲጠብ የፓወር ሰፕላዩም፣ የኬዙም፣ የማቀዝቀዣውም ነገር አብሮ ይቀላል።

አርኤክስ 6600 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣም ለ1080ፒ ጨዋታ ተብሎ ነው የቀረበው። የራሱ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው። የሚወስደው ኃይል 132 ዋት ነው። ታዲያ በተግባር እንዴት ነው? እንደ ካውንተር ስትራይክ 2፣ ቫሎራንትና ሮኬት ሊግ ያሉት ጌሞች ላይ ካርዱ አይጨነቅም፤ ሴቲንጉን ትንሽ ካስተካከላችሁ የሞኒተሩን 144 ኸርዝ ይሞላል። ጂቲኤ 5 ከፍ ባለ ሴቲንግ ልስልስ ብሎ ይሄዳል። እግር ኳሱም ጣጣ የለውም። አዳዲሶቹ ከባድ ጌሞች ላይ ግን መደራደር አለ። እነሱን መካከለኛና ከፍተኛ ሴቲንግ እያቀላቀልኩ በሰከንድ 60 ፍሬም አካባቢ አጫውታቸዋለሁ። ለእኔ ይህ በቂ ነው፣ ከምር በቂ ነው።

ሬይ ትሬሲንግን፣ ማለትም ብርሃንና ነጸብራቅን እንደ እውነተኛው አስልቶ የሚስለውን ዘዴ፣ ግን እርሱት። ካርዱ ያውቀዋል፣ አቅሙ ግን አይበቃውም። ስታበሩት ፍሬሙ ክፉኛ ይወርዳል፤ የምታገኙት የብርሃን ውበት ደግሞ ለዚህ ኪሳራ የሚበቃ አይደለም። እኔ ሁሌም አጥፍቼው ነው የምጫወተው።

ስለ ሴቲንግ ካነሳን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደስታው ያለው እዚህ ነውና። ሁሉንም ነገር ባንድ ጊዜ ከ«ከፍተኛ» ወደ «ዝቅተኛ» ማውረድ ጌሙን አለአግባብ ያስጠላል። ብዙውን ጊዜ ካርዱን የሚያደክሙት ጥላዎች፣ ጭጋግና በአየር ላይ የሚታይ የብርሃን ጨረር ናቸው። እነዚህን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጓቸው። ስትሮጡና ስትተኩሱ ልዩነቱን አታዩትም፣ ፍሬሙ ግን ከፍ ይላል። የቴክስቸር፣ ማለትም በዕቃዎች ገጽ ላይ የሚለበጠው ምስል፣ ጥራት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ በዋናነት የሚፈልገው የካርዱን ሚሞሪ እንጂ ጉልበቱን አይደለም። ስለዚህ 8 ጊጋባይቱ እስከፈቀደ ድረስ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። ሚሞሪው ከሞላ ጌሙ ራሱ ይነግራችኋል፤ አማካይ ፍሬሙ ደህና ሆኖ ሳለ ካሜራውን ስታዞሩ ድንገት ድርቅ ይላል። ያኔ ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ አውርዱ። በአዳዲሶቹ ጌሞች ላይ ይህ ስለሚያጋጥም፣ ዛሬ ካርድ የሚመርጥ ሰው ከ8 ጊጋባይት በታች ያለውን ባያይ ይሻላል።

የፍሪሲንክን ጥቅም ሳልናገር አላልፍም። ሞኒተሩ በካርዱ ፍጥነት ልክ ስክሪኑን ያድሳል። ፍሬሙ ከ90 ወደ 70 ቢወርድ ምስሉ አይቆራረጥም፣ ዓይንም አይረበሽም። መካከለኛ ካርድ ላለው ሰው ከማንኛውም ቅንጦት በላይ የሚጠቅመው ይህ ነው። በካርዱ ላይ የከፈላችሁት ገንዘብ ስክሪኑ ላይ የሚታየው በእሱ በኩል ነው።

መገጣጠሙ ራሱ ያን ያህል አያስፈራም። አንድ ጥንቃቄ የሚፈልገው ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት መሰኪያ ሶኬት ይባላል፤ በኤኤም4 ሶኬት ላይ ቀጫጭኖቹ እግሮች ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ አይገፋም፣ አይጫንም። ጥግ ላይ ያለችው ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር ስትገጥም በራሱ ክብደት ይገባል። ከፕሮሰሰሩ ሳጥን ጋር የሚመጣው ማቀዝቀዣ ሥር ሙቀት አስተላላፊው ፔስት ተቀብቶ ስለሚመጣ ሌላ መቀባት አያስፈልግም። ማቀዝቀዣው በብሎን የሚታሰር ስለሆነ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ መያዣዎች አስቀድሞ መፍታት ያስፈልጋል። ሁለት ራም ከሆነ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ይሰካል፤ እንዲህ ሲሆን ነው ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሠሩት።

ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ሥራው ያለቀ ይመስላል እንጂ አላለቀም። ሦስት ነገሮች አሉ። የሞኒተሩ ገመድ የሚሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ራይዘን 5 5600 በውስጡ ግራፊክስ ስለሌለው በማዘርቦርዱ ኤችዲኤምአይ በኩል ጭራሽ ምስል አይመጣም። ቀጥሎ ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ፣ ገብቶ ራሙን በተገዛበት ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒን ማብራት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ 3200 ተብሎ የተገዛው ራም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ዝም ብሎ ይሠራል፣ ማንም አይነግራችሁም። መጨረሻ ዊንዶውስ ውስጥ የስክሪኑን ፍጥነት ከ60 ወደ 144 ኸርዝ መቀየር ነው። ባለ 144 ሞኒተር ገዝቶ በ60 የሚጫወት ሰው ብዙ ነው።

ስለ ድምፅ ላውራ። በወራት ውስጥ ከፍሬም ቁጥር ይልቅ ስሜትን የሚወስነው እሱ ነው። የራይዘን ሙቀት በባሕርይው ድንገት ዘለል ይላል። ብሮውዘር መክፈት ብቻ ለቅጽበት ከፍ ያደርገዋል፤ ወዲያው ተመልሶ ይወርዳል። ፋኑ ይህን እየተከተለ ከፍ ዝቅ ካለ ያሰለቻል። መፍትሔው ባዮስ ውስጥ ነው። ፋኑ ከ65 ዲግሪ በታች በዝግታ እንዲዞር፣ ፍጥነት ከመጨመሩም በፊት ጥቂት ሰከንድ እንዲጠብቅ አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ስጽፍና ሳነብ ኮምፒውተሩ መኖሩንም እረሳዋለሁ። ጌም ላይ ደግሞ ፍሬሙን 120 ላይ ገደብኩት። ከዚያ በላይ ያለውን ዓይኔ አይለየውም፤ ካርዱ ግን በግልጽ ይቀዘቅዛል፣ ድምፁም ይቀንሳል።

ከኬዙ ጋር የመጣው የኋላ ፋን ከተወሰኑ ወራት በኋላ መንዘር ጀመረ። ለብቻው በተገዛ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ቀየርኩት፤ አራት ብሎንና አንድ ገመድ ነው። ራስ የመገጣጠም ትልቁ ጥቅም የታየኝ ያኔ ነው። ምኑ እንደሚጮህ አውቃለሁ፣ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ በእጄ እፈታዋለሁ። ያው የፊቱ ወንፊት አቧራ ይይዛል፤ ለዚህም ነው የተሠራው። አልፎ አልፎ ነቅሎ መጥረግ ነው። አየር የሚነፋ መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ በነፋሱ ኃይል ከልክ በላይ እንዲሽከረከር አትተዉት።

ፓወር ሰፕላይ ላይ መቆጠብ የለም። ለአርኤክስ 6600 የሚመከረው ዝቅተኛው 450 ዋት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ የ65 ዋት ነው። 550 የመረጥኩት ነገ ካርድ ብቀይር እሱን እንዳልነካው ነው። ስሙ ያልታወቀ ርካሽ ከመግዛት ካርዱን አንድ ደረጃ ማውረድ ይሻላል፤ ሁሉም ዕቃ የሚመገበው ከእሱ ነውና።

ቅር የሚለኝ ነገር የለም አልልም። ኤኤም4 የቆየ ሶኬት ነው፤ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ኤኤም5 ሶኬትና ወደ ዲዲአር5 ራም ተሻግሯል። ሶኬቱ ግን በር አልዘጋም፤ ይኸው ማዘርቦርድ፣ ባዮሱ ከታደሰ፣ እንደ 5700ኤክስ3ዲ ያለ ለጌም የሚመረጥ ፕሮሰሰር ይቀበላል። አዲስ ለሚጀምርና ለብዙ ዓመት እያሳደገ መሄድ ለሚፈልግ ሰው ኤኤም5 የተሻለ መነሻ ነው። ቁጥብ በጀት ይዞ፣ በ1080ፒ፣ ለመዝናናት ለሚጫወት ግን አሁንም ይህንኑ እመክራለሁ።

አሁን የጠበበኝ ማከማቻው ነው። ብቻቸውን ከ100 ጊጋባይት በላይ የሚወስዱ ጌሞች ስላሉ 1 ቴራባይት ቶሎ ይሞላል። ቀጣዩ ግዢዬ ሁለተኛ ኤስኤስዲ ነው። ቢ550 ላይ ሁለተኛው የኤም.2 ቦታ፣ ማለትም ኤስኤስዲው የሚሰካበት፣ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀርፈፍ ይላል፤ ለጌም ማስቀመጫ ግን ከበቂ በላይ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የማዘርቦርዱን መመሪያ ተመልከቱ። አንዳንዱ ላይ ያ ቦታ ሲያዝ ሁለት የሳታ፣ ማለትም የሀርድ ዲስክ፣ መሰኪያዎች ሥራ ያቆማሉ፤ የቆየ ሀርድ ዲስክ እዚያ ላይ ከሰካችሁ አስቀድማችሁ ወደ ሌላኛው አዛውሩት።