ለፒያሳዋ የመድኃኒት ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

በጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ባለሙያ ለአባታችን ስላደረገችላቸው ነገር ቤተሰባችን በሙሉ ከልብ ያመሰግናታል። ስሟ በአደባባይ እንዳይጠራ ስለጠየቀች አልጠቅሰውም፤ መድኃኒት ቤቱን ማወቅ የሚፈልግ ግን በግል ቢጠይቀኝ በደስታ አመለክታለሁ።

አባታችን በዐቢይ ጾም ወቅት ለታይፈስ ዶክሲሳይክሊን የተባለ የፀረ ባክቴሪያ እንክብል ታዝዞላቸው ነበር። ቀን ስለሚጾሙ እንክብሉን ማታ ሊተኙ ሲሉ በአንድ ጉንጭ ውሃ ይውጡና ወዲያው ጋደም ይላሉ። ብዙም ሳይቆይ ደረታቸው መሐል ላይ ያቃጥላቸው፣ ምራቅ እንኳ ሲውጡ ያማቸው ጀመር። ጨጓራ ነው ተብሎ ሽሮፕ ቢሰጣቸውም ሕመሙ ባሰ እንጂ አልተሻላቸውም።

ወደዚህች ባለሙያ የሄድነው ሌላ ሽሮፕ ለመግዛት ነበር። እርሷ ግን ገንዘቡን ከመቀበሏ በፊት፣ «አባባ፣ መድኃኒቱን በምን ያህል ውሃ ነው የሚውጡት? ከዋጡ በኋላስ ይቀመጣሉ ወይስ ይተኛሉ?» ስትል ጠየቀቻቸው። የት ያምዎታል ያላቸው ብዙ ነበር፤ እንዴት እንደዋጡት የጠየቀቻቸው ግን እርሷ ብቻ ናት።

ከዚያም በእርጋታ አስረዳችን። የምግብ መውረጃ ቱቦ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር በሚነካው ቦታ ላይ ጠበብ ይላል፤ እንክብሉ በቂ ውሃ ካልገፋው እዚያ ተጣብቆ ይሟሟል፤ ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ሲሟሟ አሲድነት ስላለው የቱቦውን የውስጥ ሽፋን ያቆስላል። አስፒሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ለደም ማነስ የሚታዘዘው የአይረን ኪኒንም እንዲሁ ሊጎዱ እንደሚችሉ ነገረችን። ሆኖም በእርሳቸው ዕድሜ የደረት ሕመም የልብም ሊሆን ስለሚችል፣ ምንም ሳትሸጥልን የጠረጠረችውን በወረቀት ጽፋ በዚያው ቀን ሆስፒታል እንድንሄድ አሳሰበችን። ትርፏን ትታ እንዲህ ያደረገችልን መሆኑን መቼም አልረሳውም።

ሐኪሙ ልባቸውን መርምሮ ጤናማ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ኢንዶስኮፒ (ትንሽ ካሜራ በአፍ አስገብቶ ውስጥን የሚያይ ምርመራ) አዘዘላቸው፤ ቁስሉም በቱቦው መካከለኛ ክፍል ላይ ታየ። መድኃኒቱ ተቀየረላቸው፣ አሲድ የሚቀንስም ተጨመረላቸው፤ አሁን እግዚአብሔር ይመስገን እንጀራቸውን ያለ ሕመም ይበላሉ።

እርሷ የመከረችንን እኔም ላካፍላችሁ፦ መድኃኒት ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወይም ቆሞ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፤ ከዚያም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ መተኛት አይገባም። የሚጾም ሰው ሰዓቱን በራሱ ከሚያሸጋሽግ ባለሙያ ያማክር። ደም ያስመለሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ምራቁን መዋጥ ያቃተው ደግሞ መድኃኒት ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ባለሙያዋ የምትገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። እያንዳንዱን ሰው ጠይቃና አስረድታ ስለምትሸኝ ወረፋው ይረዝማል፤ ቢሆንም ታግሣችሁ ጠብቋት፤ በተለይ አረጋውያን ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።